ሊጣል የታተመው ወረቀት በመቶ ሺሕ ዶላር ይጫረታል

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2017 ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት በዳላስ ከተማ አንድ የፊልም ማስታወቂያ ወረቀት በ525,800 ዶላር ሸጠ። ወረቀቱ በ1931 ለወጣው «ድራኩላ» ፊልም የታተመ ነው። በዘመኑ ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ፣ ፊልሙ ሲቀየር ተነሥቶ የሚጣል እንጂ ማንም ካዝና ውስጥ የሚያስቀምጠው ዕቃ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓውያን ናቸው።)

ነጋዴ ይህን ሲሰማ ስለ ሥዕሉ ውበት ከመጠየቁ በፊት «ይህን ዋጋ የሰጠው ምንድነው?» ማለቱ አይቀርም። የተለመደው መልስ «አሮጌ ስለሆነ ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን ከድራኩላው ፖስተር በብዙ መቶ ዓመት የሚበልጡ የታተሙ መጻሕፍት በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዙበት ገበያ ስላለ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ውበትም ቢሆን ያው ነው። እጅግ ያማረው የፓሪስ ፖስተር ቅጂ በ20 ዶላር ይገኛል። በፖስተር ገበያ የሚሸጠው ከጥፋት ማምለጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ሳይጠፋ የቀረው ጥቂት ዋጋውን ይወስናል።

ይህንን ሳይረዱ ወደ ገበያው የሚገቡ ገዢዎች ሁለት ዓይነት ኪሣራ ይደርስባቸዋል። አንዳንዶቹ ቅጂውን በዋናው ዋጋ ይገዛሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እጃቸው ላይ ያለውን ዋና ወረቀት እንደ ቆሻሻ ይጥሉታል። ሁለተኛው ኪሣራ በኛም አገር ያለ ነው።

ከድንጋይ ላይ የተነሣ ንግድ

የፖስተር ንግድ መነሻው በ1796 አካባቢ በባቫሪያ አሎይስ ዜኔፌልደር የፈለሰፈው የድንጋይ ሕትመት ወይም ሊቶግራፊ ነው። አሠራሩ ቅባትና ውኃ እንደማይዋሐዱ በሚታወቀው ነገር ላይ የቆመ ነው። ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይሥላል። ድንጋዩ በውኃ ሲርስ ባዶው ቦታ ውኃውን ይይዛል፤ የተሣለው ቦታ ግን አይረጥብም። ከዚያ የሕትመት ቀለም ሲነዳበት ቀለሙ የሚይዘው ቅባት ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። አምስት ቀለም ያለው ፖስተር ብዙውን ጊዜ አምስት ድንጋይና አምስት ጊዜ መታተም ይጠይቃል ማለት ነው።

ይህንን ቴክኒክ ለጎዳና ማስታወቂያ ያዋለው ፈረንሳዊው ዡል ሸሬ ሲሆን፣ በሕይወቱ ዘመን ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ፖስተሮች ሠርቷል። ንግዱን ያሰፋው ግን ሕግ ነው። በሐምሌ 29 ቀን 1881 የወጣው የፈረንሳይ የፕሬስ ሕግ ማስታወቂያ መለጠፍን ነፃ አደረገ፤ ባንጻሩም መለጠፍ የተከለከለባቸውን ቦታዎች ለየ። እስከ ዛሬ ድረስ በፓሪስ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ያንን ቀን የሚጠቅስ «መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሳሙና፣ ብስክሌት፣ መጠጥ፣ ቲያትር ሁሉ ገዢ የሚፈልገው በግድግዳ ላይ ሆነ።

ቱሉዝ ሎትሬክ በ1891 ሙላን ሩዥ ለተባለው የጭፈራ ቤት የሠራው የመጀመሪያ ፖስተሩ በ3,000 ቅጂ ያህል ታትሞ በፓሪስ ተለጠፈ። በ1895 መባቻ ደግሞ ቼኩ አልፎንስ ሙሻ ለተዋናይቷ ሣራ በርናርድ የሠራው «ጂዝሞንዳ» ወጣ፤ ተዋናይቷም ወዲያው ለስድስት ዓመት አስፈረመችው። በዚያ ዘመን ፖስተር ወዳዶች ሙጫው ሳይደርቅ ከግድግዳ ላይ ገንጥለው ይወስዱ እንደነበር ይነገራል። ኤድሞን ሳጎ የተባለው የፓሪስ ነጋዴ ግን የቀናውን መንገድ መረጠ። ያልተለጠፉ ንጹሕ ፖስተሮች ሰብስቦ በዋጋ ዝርዝር ለሰብሳቢዎች መሸጥ ያዘ። ዛሬ በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኙት የዘመኑ ፖስተሮች አንዱ ምንጫቸው እንደዚህ ያሉ ነጋዴዎች ክምችት ነው። ሳጎ ለዘመኑ ደንበኛ ሲሸጥ ለመቶ ዓመት በኋላ ገበያም ዕቃ እያቆየ ነበር ማለት ይቻላል።

ስንት ታተመ ሳይሆን ስንት ተረፈ

በፖስተር ገበያ የሕትመት ብዛት እንደሚታሰበው አያስፈራም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር «ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚል ይዘት ያለው ባለ ዘውድ ቀይ ፖስተር ወደ 2.45 ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ አሳትሞ ነበር። ለክፉ ቀን ተብሎ ተቀመጠና ሳይለጠፍ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ገባ። በ2000 በሰሜን እንግሊዝ አልኒክ ከተማ የሚገኝ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ በጨረታ በገዛው ሣጥን ውስጥ አንድ ቅጂ አገኘ። ሱቁ ቅጂውን አባዝቶ መሸጥ ሲጀምር ጽሑፉ በዓለም ዙሪያ በስኒና በካናቴራ ላይ ታተመ። በ2012 አሥራ አምስት ያህል ዋና ቅጂዎች በአንድ ቤተሰብ እጅ መገኘታቸው በቴሌቪዥን ሲታይ እንደ ታላቅ ዜና ተወራ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ታትሞ አሥራ አምስት መገኘቱ ዜና የሚሆንበት ገበያ ሌላ የት አለ?

በተቃራኒው በ1917 የወጣው የአሜሪካ ጦር የምልመላ ፖስተር፣ ሽማግሌው አጎት ሳም ጣቱን ወደ ተመልካቹ የቀሰረበት፣ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታትሟል። ከሌሎቹ የዘመኑ የጦርነት ፖስተሮች ይልቅ በብዛት ይገኛል። ሆኖም ፈላጊው እጅግ ብዙ በመሆኑ ዋናው ቅጂ አሁንም በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ ማነስ ብቻውን አይበቃም፤ ፈላጊም ያስፈልጋል። አንድ ቅጂ ብቻ የተረፈለት የማይታወቅ የሳሙና ፋብሪካ ፖስተር ፈላጊ ካጣ ያው አሮጌ ወረቀት ነው።

ማነስና ፈላጊ ሲገጣጠሙ ነው ዋጋው ጣሪያ የሚነካው። ይህ የሆነው በ1930ዎቹ የሆሊውድ አስፈሪ ፊልሞች ነው። ሲኒማ ቤቶች ፖስተሮቹን ተጠቅመው ይመልሱ ወይም ይጥሉ ነበር። የተረፈውንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተካሄደው የአሮጌ ወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ ጠራርጎ ወሰደው። ፊልሞቹ ግን በቴሌቪዥን ደጋግመው ታዩና አድናቂያቸው በዛ። በ1932 የወጣው «ዘ መሚ» ፊልም ፖስተር በ1997 በኒውዮርክ ሶዝቢስ በ453,500 ዶላር ተሸጠ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሹልዝ ኖይዳም ለ«ሜትሮፖሊስ» ፊልም የሠራው ፖስተር፣ የታወቁት ቅጂዎች አራት ብቻ በነበሩበት ጊዜ፣ በ2005 በለንደን በኩል በ690,000 ዶላር እጅ ለወጠ።

እነዚህን አሃዞች ለሚያነብ ባለ ገንዘብ አንድ ሌላ አሃዝ መጨመር ተገቢ ነው። የዚሁ የ«ዘ መሚ» ፊልም ፖስተር በ2018 በሶዝቢስ ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተገምቶ ለጨረታ ቢቀርብም ገዢ አላገኘም። የአጫራች ግምት የሻጭ ምኞት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ገዢው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ በሆነበት ገበያ አንዱ በዚያ ቀን ከሌለ ዋጋ የለም።

ከሁሉም ይልቅ ለኛ አንባቢ የሚቀርበው የፔንሲልቬንያው ታሪክ ነው። በበርዊክ ከተማ በአንድ ቤት ቆጥ ላይ 33 የ1930ዎቹ የፊልም ፖስተሮች በግድግዳ ወረቀት ሙጫ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀው፣ እንደ አንድ ወፍራም ካርቶን ሆነው ተገኙ። በ2011 በአካባቢው ጨረታ ወደ 30,000 ዶላር አወጡ። ከተላቀቁ በኋላ በ2012 ዳላስ ላይ ሲሸጡ ድምሩ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ሊያጠፋቸው ይችል የነበረው ሙጫ ከብርሃንና ከአየር ሸፍኖ አቆያቸው። በአጭር ጊዜ ውስጥ የተገኘው ልዩነት የተከፈለው ወረቀቱን በማወቅና አላቅቆ በማደስ ነው።

ዋናውና ቅጂው

የገበያው ትልቁ አደጋ የቅጂ ነገር ነው። ቅጂ ማተም በራሱ ወንጀል አይደለም። በአውሮፓ ሕግ የሠዓሊው መብት ከሞተ 70 ዓመት ሲያልፍ ያበቃል። ሎትሬክ በ1901፣ ሸሬ በ1932፣ ሙሻ በ1939 ስለሞቱ ሥራቸውን ማንም ማባዛት ይችላል። በ1935 «ኖርማንዲ» የተባለችውን መርከብ ከፊት ለፊቷ ግዙፍ አድርጎ የሣላት ካሳንድር ግን የሞተው በ1968 በመሆኑ መብቱ አሁንም የወራሾቹ ነው። በየከተማው ካፌ ግድግዳ ላይ የምትታየው የስታይንለን ጥቁር ድመት፣ የ1896 ሥራ፣ እንዲሁ በነፃ የምትባዛ ናት። ጥፋት የሚሆነው ቅጂውን ዋና ነው ብሎ መሸጥ ሲመጣ ነው።

ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ የወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር ነው። የድንጋይ ሕትመት በመነጽር ሲታይ ቀለሙ እንደ አሸዋ ወይም እንደ ጠመኔ ያለ ሥርዓት የተበተነ ነው። የሠዓሊው ብሩሽ ያለፈበት ቦታ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ዛሬ በኦፍሴት የሚታተመው ቅጂ ግን በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት፤ በየቦታው የአበባ ቅርጽ የሚመስሉ ክቦችን ይሠራሉ። በ1891 ለታተመ ፖስተር ይህ ነጠብጣብ ከታየ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው ሜትር ነው። የዘመናዊ ቅጂ የተለመደ መጠን 61 በ91 ሣንቲሜትር ነው። የሎትሬክ ሙላን ሩዥ ፖስተር ግን ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። የድሮ የአሜሪካ ፊልም ፖስተር 69 በ104 ሣንቲሜትር ገደማ ነው። በተጨማሪም ታጥፎ ይላክ ስለነበር የ1930ዎቹ የፊልም ፖስተር የመታጠፍ ምልክት ከሌለው ሊያስደስት ሳይሆን ሊያሳስብ ይገባል። በፈረንሳይ ፖስተሮች ላይ የማስታወቂያ ግብር የተከፈለበት ቴምብር ወይም ማኅተም መኖሩም ይረዳል።

መጠኑ ትንሽ የሆነ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። ከ1895 እስከ 1900 የፓሪሱ ሼ ማተሚያ ቤት የታወቁ ፖስተሮችን አሳንሶ፣ በየወሩ ለደንበኞች በሚላክ ጥራዝ፣ በጠቅላላው 256 ገጽ አድርጎ አሳትሟል። እያንዳንዱ ገጽ ቀለም የሌለው በግፊት የወጣ ማኅተም አለው። እነዚህ በዘመኑ በድንጋይ የታተሙ ናቸው፤ ትልቁን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰብሳቢም በእነርሱ ይጀምራል። ማኅተሙ ከሌለ ግን መጠርጠር ነው።

የሐሰት ሥራው እየረቀቀ የመጣው በውድ ፖስተሮች ላይ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የፊልም ፖስተር ሰብሳቢዎች ዘንድ በአሮጌ ወረቀት ላይ የተሠሩ የሐሰት አስፈሪ ፊልም ፖስተሮች ተሽጠው ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። የተታለሉት ጀማሪዎች ብቻ አልነበሩም። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ከዕቃው በፊት የሚጠይቀው የእጅ ዝውውር ታሪኩን ነው። ከማን ተገዛ፣ ከዚያ በፊት የማን ነበር፣ ደረሰኙስ የት አለ?

ይዞታ ሌላው ዋጋ ቆራጭ ነው። ገበያው ፖስተሮችን ኤ፣ ቢ እና ሲ እያለ ይመድባል። ኤ ቀለሙ ያልደበዘዘና ጉዳቱ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ቢ የተጠገነ ሆኖ ሥዕሉ ያልተነካበት ነው፤ ሲ ጉዳቱ ከሩቅ የሚታይ ነው። የአንድ ፖስተር ኤ እና ሲ የዋጋ ልዩነት በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ በጥጥ ሸራ ላይ መለጠፉ ግን እንደ ጉድለት አይቆጠርም። በስንዴ ሙጫ ከተለጠፈ በውኃ መልሶ ሊላቀቅ ስለሚችል በፖስተር ገበያ የተለመደ አጠባበቅ ነው። በሙቀት በካርቶን ላይ የተጣበቀ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወይም በስኮች የተጠገነ ከሆነ ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ ዋጋውን ገድሎታል።

መዶሻው ከወደቀ በኋላ

ስለ ትርፉ የሚወራው ወሬ ብዙ ጊዜ ወጪውን ይረሳል። በጨረታ አዳራሽ መዶሻው የወደቀበት ዋጋ ገዢው የሚከፍለው አይደለም። አጫራቹ እንደየድርጅቱ ከመቶ 25 አካባቢ ከገዢው ይወስዳል። ከላይ የተጠቀሰው የ525,800 ዶላር ሒሳብም ይህንኑ የጨመረ ነው። ከሻጩም እንዲሁ ኮሚሽን ይቀነሳል።

በምሳሌ ሲታይ መዶሻው በ1,000 ዶላር ቢወድቅ ገዢው 1,250 ይከፍላል። ይኸው ገዢ በኋላ ሊሸጠው ሲያመጣው የሻጭ ኮሚሽን ከመቶ 10 ቢሆን፣ የከፈለውን 1,250 ብቻ ለማስመለስ መዶሻው በ1,389 ዶላር ግድም መውደቅ አለበት። ዋጋው ከመቶ 39 ሳያድግ አንድ ሳንቲም ትርፍ የለም። አምስት ዓመት ይዞ ለሚሸጥ ሰው በዓመት ከመቶ 7 የሚጠጋ ዕድገት የሚያስፈልገው ባዶ እጁን ላለመቅረት ነው። የመላኪያ፣ የኢንሹራንስ፣ የጉምሩክና የፍሬም ወጪ ገና አልተነሣም። ወረቀቱም በተያዘበት ጊዜ ሁሉ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ አክሲዮን ድርሻ አያስገኝም። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የፋሽን ነገርም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ገዢዎች የምዕራቡን የጥበብ ገበያ ሽቅብ ነድተውት ነበር። የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ ሲፈርስና እነሱ ሲወጡ ከ1990 በኋላ ዋጋ ወደቀ። ከፍ ሲል የገዛ ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ ልምድ ያላቸው የኒውዮርክና የለንደን ነጋዴዎች ገንዘባቸውን የሚያኖሩት በአንድ ዘርፍ አይደለም፤ የባቡርና የመርከብ ጉዞ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ የአየር መንገድ፣ የጦርነት፣ የፊልም እያሉ ያሰባጥሩታል። በዚህ ገበያ ሳይቸኩል በርካሽ ገዝቶ የቆየ ካልሆነ በቀር ትርፉን የሚበላው አጫራቹ ነው።

የኛው ወረቀት

ኢትዮጵያም በዚህ ገበያ ውስጥ ድርሻ አላት፤ ድርሻዋ ግን ባብዛኛው የጠፋ ነው። በ1960ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የተቋቋመው የቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» በሚል መፈክር አገሪቱን በፖስተር አስተዋውቋል። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ1946 የመጀመሪያ የካይሮ በረራው ጀምሮ በተስፋፋባቸው ዓመታት እንደ ሌሎቹ አየር መንገዶች ሁሉ ፖስተር አሳትሟል። የሁለቱም ሥራዎች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የጉዞ ፖስተር ሻጮች ዝርዝር ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ወደ ውጭ ተልከው በየጉዞ ወኪሉ ቢሮ የተሰቀሉት በመሆናቸው የተረፉት እዚያው ነው።

እዚህ የቀረው ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በብዙ ቤት የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ሲለበጥ ፖስተርም አብሮ ተለጠፈ። የሱቅ መጠቅለያ የሆነም አለ። የደርግ ዘመን የአብዮት ፖስተሮች በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ከየቢሮው ተነሥተው ወረዱ። በዚያን ቀን ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር እንደ ናፋቂ መታየቱ አይቀርም ነበር። መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያጸዱ በኪሎ ከሚሸጠው አሮጌ ወረቀት መካከል ምን እንዳለ የሚመረምር የለም። ገዢው ቆራሌው ነው፤ ሚዛኑም ሥዕልን ከደረሰኝ አይለይም።

ለዚህ ዓይነቱ ወረቀት በአዲስ አበባ ይዞታ መዝኖ ደረጃ የሚሰጥ፣ ያለፉ ሽያጮችን ዋጋ መዝግቦ የሚያሳይ የተደራጀ ገበያ አልተፈጠረም። ስለዚህ ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በግምት ነው። አንድ ባለ ሆቴል ለግድግዳው ጌጥ የሚከፍለውና አንድ የውጭ ሰብሳቢ የሚከፍለው የሰማይና የምድር ያህል ሲራራቅ፣ ልዩነቱን የሚያውቀው ደላላ ብቻ ይሆናል።

አሮጌ ፖስተር እጁ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት አለመንካት ነው። ከግድግዳ ላይ መገንጠል፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የተቀደደውን በስኮች ማያያዝ፣ ጠርዙን እኩል ለማድረግ መቁረጥ ሁሉም ዋጋ ይቀንሳሉ። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ፣ ሳይጠቀልል፣ በንጹሕ ወረቀት መካከል አጋድሞ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያ የፊቱን፣ የጀርባውንና የአራቱን ማዕዘን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ መጠኑንና ከታች የተጻፈውን የማተሚያ ቤት ስም ጨምሮ ለውጭ አጫራች ድርጅት መላክ ይቻላል። ታላላቆቹ በፎቶግራፍ የመጀመሪያ ግምት ሲሰጡ ብዙውን ጊዜ አያስከፍሉም። ዕቃውን ራሱን መላክ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የከለከለ በመሆኑ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት በሻንጣ ይዞ ቦሌ ከመድረስ በፊት ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።